ለፈሪሃ የተላከው ምርቃት

ሪያድ ጉበይራ ሰፈር ውስጥ “የምርቃቱ ጃፋር” ሲባል የማያውቀው የወሎ ሰው የለም። አዘቦቱን ሰናኢያ በሚሉት የፋብሪካ ሰፈር አሉሚኒየም ሲቆርጥ ይውላል። ጁምዓ ሲሆን ግን ያቺን ጠባብ ክፍሉን ስቱዲዮ ያደርጋታል። ስቱዲዮ ስላችሁ ደግሞ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ! አንድ ማይክ፣ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ፣ ሁለቱን የምታገናኝ ሳውንድ ካርድ የሚሏት ትንሽ ሣጥን፣ ግድግዳው ላይ የተቸነከረ ብርድ ልብስ። በቃ።

መንዙማ ይቀዳል፤ የታወቀው ግን በምርቃት ነው። አገር ቤት ልጅ ሲዳር እናት ወይ አባት ካልመረቀ ድግሱ ድግስ አይባልም። ፓስፖርቱ ካፊል በሚሉት አሠሪው እጅ ያለ ሰውስ ምን ያድርግ? ምርቃቱን ጃፋር ዘንድ አስቀድቶ ይልካል። ኒካሁ ላይ በሞንታርቦ ይለቀቃል፤ እንግዳው “አሚን” ይላል።

ሱመያም የመጣችው ለዚሁ ነበር። የወረባቦ ሴት ናት፣ ሰው ቤት ሠራተኛ። ልጇን ፈሪሃን ጡት አስጥላ ለእናቷ ትታት እንደወጣች አልተመለሰችም፤ ልጅቱ ይኸው ለወግ ለማዕረግ ደረሰች። ማዳሟ ሠራተኛ ስልክ ስትይዝ ማየት አትወድም። ስለዚህ ሱመያ ለልጇ የምትደውለው መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ውሃ ከፍታ፣ እየተንሾካሾከች ነው። ፈሪሃ የእናቷን ድምፅ በሹክሹክታ እንጂ በሌላ አታውቀውም።

“ወንድሜ ጃፋር፣” አለችው ገና በሩ ላይ፣ “ልጄ አንድ ቀን እንኳ ሙሉ ድምፄን ትስማ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።”

ማዳምና ቤተሰቧ ከከተማ ወጣ ብለው ነበር። የቤቱ ሾፌር አብዱ ያገሯ ልጅ ስለሆነ ደብቆ አመጣት፤ ከመግሪብ በፊት መመለስ አለባት። ኒካሁ ደግሞ በማግስቱ ነው።

ጃፋር ማይኩን ሰካ፣ ሄድፎኑን አጠለቀ። ዝዝዝዝ! ቤቱን ንብ የወረረው ይመስላል። ኬብሉን ቀየረ፤ ዝዝዝ። ኤሲው ይሆናል ብሎ አጠፋው፤ በሪያድ በጋ ኤሲ ማጥፋት ምን ማለት እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። ዝዝዝ። ኮሪደሩ ላይ ያለውን ፍሪጅ ነቀለ፣ አብረውት የሚኖሩትን ልጆች ስልክ ሳይቀር አዘጋ፣ ሳውንድ ካርዱን ነቅሎ ሰካ፣ ደግሞ ነቅሎ ሰካ።

“ያላ ወንድሜ፣ አብዱ እየጠበቀኝ ነው!” ትላለች ሱመያ ላቧን በሻሿ እየጠረገች።

በመጨረሻ የላፕቶፑን ቻርጀር ከግድግዳው መንጭቆ ሲያወጣው ጩኸቱ እልም አለ። ለካ ከቤቱ ኤሌክትሪክ ተነስቶ በቻርጀሩ በኩል ነበር የሚገባው! “አልሐምዱሊላህ!” ብሎ ጃፋር እንደ ልጅ ዘለለ።

ያለ ኤሲ ግን ላፕቶፑ ጋለና ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ያጓራ ጀመር። ለዚህ ጃፋር መላ አያጣም። ላፕቶፑን ኮሪደር ላይ አስቀምጦ የሳውንድ ካርዱን ሽቦ በበሩ ሥር ወደ ክፍሉ አስገባ። መቅጃውን ተጫነ። የድምፁን መጠን የሚያሳየው መስመር ስክሪኑ ላይ ሲዘል አየና በሩን ዘግቶ ገባ።

መጀመሪያ ድምፁ አልወጣ አላት፤ ሹክሹክታ ለምዶባታል።

“ጮክ በይ እህቴ፣ እዚህ ማዳም የለችም!”

ያን ጊዜ ለቀቀችው። “ፈሪሃዬ፣ ቤትሽ ይሙላ፤ ደጅሽ አይዘጋ፤ የወለድሽው ይባረክልሽ፤ እንደኔ ከልጅሽ አይለይሽ!” እንግዳው አሚን እንዲል በየመሃሉ ዝም ትላለች። ጃፋር በሄድፎኑ እየሰማ እንባው ዱብ ዱብ አለ። አንድ እንከን የለበትም። ስትጨርስ በገዛ ድምፅዋ ደንግጣ አፏን በሻሿ ያዘች፤ ከዚያ እየሮጠች ወጣች።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ጃፋር የተቀዳውን የከፈተው እሷ ከሄደች በኋላ ነው። የመጣለት አብሮት የሚኖረው የአህመዲን ድምፅ ነው።

“ይቺ ሴትዮ ኤሲያችንን አስጠፍታ ጠበሰችን እኮ!”

“ዝም በል፣ እየተቀዳ ነው” ይለዋል ሌላው የቤቱ ልጅ።

“እሺ ሽንኩርቱን አቀብለኝ።”

ከበሩ ማዶ አንዲት ሴት ታጉረመርማለች፤ የምትለው አይለይም። ያኔ ጃፋር ገባው። ሳውንድ ካርዱን ሲነቅልና ሲሰካ ላፕቶፑ ካርዱን ትቶ በገዛ ራሱ ማይክ መቅዳት ጀምሮ ኖሯል። ሄድፎኑ የተሰካው ሳውንድ ካርዱ ላይ ስለሆነ የሰማው በቀጥታ ከማይኩ የሚመጣውን ጥርት ያለ ድምፅ ነበር፤ የተቀዳው ግን የኮሪደሩ ወሬ። ሲዘል ያየው መስመርም የዚሁ ወሬ ነበር። አይ ጃፋር! ስንቱን የቀዳ ሰው አንዴ መልሶ ማዳመጥ አቃተው?

ሊያጠራው ታገለ። የእነ አህመዲንን ድምፅ ሲቀንስ እሷም አብራ ትጠፋለች። ሱመያ ጋ ደወለ፤ ዝግ ነው። አብዱ ጋ ደወለ።

“ማዳም ተመልሳለች። በአላህ ወንድሜ፣ እንዳታስይዘኝ!” ብሎ ዘጋበት።

በማግስቱ የሙሽራዋ አጎት ከወረባቦ ደወለ። “ኧረ ምርቃቱ የታለ? እንግዳው ተቀምጧል። ልጅቱ ሞንታርቦው ሥር ሆና እየጠበቀች ነው።”

እውነቱን መናገር ይችል ነበር። “ተበላሽቶብኛል፣ ጥፋቱ የኔ ነው” ቢል ማን ይሰቅለዋል? እሱ ግን ላፕቶፑን ከፍቶ ራዲያ የምትባል የከሚሴ ሴት ለልጇ ያስቀዳችውን የቆየ ምርቃት አወጣ። ራዲያ ስም አትጠራም፤ “ልጄ” ብቻ ነው የምትለው። ልጅቱ ከምትከፋ ብሎ ራሱን ሸንግሎ ላከው። ድንኳኑ በለቅሶና በአሚን ተናወጠ አሉ።

ለዒድ ሱመያ ደወለችለት። ውሃው ይንሿሿል፤ እሷም እንደ ወትሮዋ ትንሾካሾካለች።

“ጃፋር ወንድሜ፣ አላህ ጀነት ይወፍቅህ። ፈሪሃ ያንን ምርቃት ሳትሰማ አትተኛም አሉ። ግን ጉድ አመጣህብኝ! ስደውልላት ‘እማዬ፣ ይሄ ያንቺ ድምፅ አይደለም፤ እንደዚያ ቀን ተናገሪ’ ትለኛለች።” ውሃውን ይበልጥ ከፈተችው። “ለኔም ላክልኝ። ቤቱ ባዶ የሆነ ቀን እየሰማሁ እለማመደዋለሁ፤ ድምፄ እንዴት እንደነበር ጠፍቶብኛል።”

“ኢንሻአላህ እህቴ” አላት።

በሳምንቱ ስልክ ቁጥሩን ቀየረ።