የፒካፓችን ፍሬን

ሉታ እባላለሁ። ምላሰኛ ናት ይሉኛል፤ ልክ ናቸው። መዘምራን ውስጥ እንኳ ከዝማሬዬ ይልቅ ሐሜቴ ነው የሚሰማው። ታዲያ ይቺ ምላሴ መናገር በነበረባት ጊዜ ተሳሰረች። ከዚያ ወዲህ ማሊኖን መንገድ ላይ ባየሁ ቁጥር ፊቴን የምከትበት አጣለሁ።

ማሊኖ የባሌ የፔሌናቶ የአጎት ልጅ ነው። ሠላሳ ዓመት አልፎታል፣ አላገባም፣ ነገር አያበዛም። እሁድ ጠዋት እኛ ነጭ በነጭ ለብሰን ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ እሱ ሽርጡን አሸርጦ ድንጋይ ላይ እሳት ሲያነድ፣ ጎደሬና ዓሣ በቅጠል ሲጠቀልል ይቆያል። ስንመለስ በልተን እንተኛለን። እጅህ ይባረክ ያለው ሰው ስለመኖሩ እንጃ፤ እኔ ግን አላልኩትም።

ፒካፓችን ከጃፓን አገልግላ፣ አገልግላ የመጣች ናት። በወረቀት የፔሌናቶ ናት፤ በእውነቱ ግን የዘመድ ሁሉ ናት። ሠርግ ያለበት፣ አሳማ የሚያጓጉዝ፣ ምጥ የያዛት፣ ሁሉም ደጃችን ላይ ነው። ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ ፍሬኗ ሳሳ። ፔዳሉን ሲረግጡት እስከ ወለሉ ይሰምጣል፤ ሦስት ጊዜ ጫን ጫን ካደረጉት ግን ይይዛል። ፔሌናቶ ለመደው፣ እኔም ለመድኩት።

"አንቺን ነው የምትመስለው፣ ሦስቴ ካልነገሯት አትሰማም" እያለ ይስቅብኝ ነበር።

እናሠራታለን እንባባላለን፤ ዛሬ ነገ ስንል ወራት አለፉ። እንዲያውም ከፍሬኑ በፊት ትልቅ ድምፅ ማጉያ ገጠምንላት። እኔ ነኝ የመረጥኩት፣ ቀዩን።

አንድ ነገር ደግሞ ልናዘዝ። ፍሬኑ ከመሳሳቱ በፊት፣ መኪናዋ ጤነኛ ሳለች፣ የሰበካው ሴቶች ሊዋሷት መጥተው "ተበላሽታለች" ብዬ መልሻቸው ነበር። በማግስቱ ዋና ከተማችን አፒያ፣ ገበያው መሀል፣ በዚያችው መኪና መስኮት አንገቴን አውጥቼ አይስክሬም ስልስ አዩኝ። ወይ ጉዴ! ከዚያ በኋላ መንደሩ በሙሉ "ሉታ፣ መኪናሽ ዛሬስ ተሻላት?" እያለ ይፈጀኝ ጀመር። እኛ ዘንድ መኪናዬ ተበላሽታለች ማለት የስስታም ቋንቋ ነው። ሌባ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

አንድ ማክሰኞ የቤተሰባችን አለቃ አባባ ሌማና ራሳቸው ቤታችን መጡ። የማሊኖ አባት ናቸው፤ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ተቀመጡና ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

"ልጆቼ፣ ተራራው ላይ ባለው መንደር ለቅሶ አለብን። ነገ ፒካፓችሁን ስጡኝ። ሰሌኑንና ምግቡን ማሊኖ ያደርሳል።"

ፔሌናቶ እኔን አየ፤ እኔም እሱን አየሁት። አፉን ሊከፍት ሲል አባባ ቀደሙትና ጣታቸውን ወደኔ ቀስረው ሳቁ።

"ሉታ፣ ዘንድሮም ታማለች እንዳትይኝ ብቻ!"

ኩም አልኩ። ከዚያ እኔም አብሬ ሳቅሁና "ኧረ አባባ፣ ደህና ናት! ምን በወጣት!" አልኩ። ቁልፉንም ከሚስማሩ ላይ አውርጄ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው።

በማግስቱ ጠዋት ማሊኖን ለብቻው ሳገኘው በጆሮው እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። አባባ ግን የሚጫነውን ሊያዩ መጥተው መኪናዋ አጠገብ ቆመዋል። ማሊኖ መሪው ላይ ተቀምጦ አንገቱን አወጣ።

"ሉቲ፣ ማወቅ ያለብኝ ነገር አለ?"

እዩት እንግዲህ፣ ራሱ ጠየቀኝ!

"ምንም የለም። ነዳጃችንን ብቻ እንዳትጨርስብን" አልኩት። ሄደ።

ሲሄድ ዳገት ስለሆነ ምንም አልሆነም። ዕቃውን አድርሶ ባዶውን ሲመለስ፣ ቁልቁለቱን በማርሽ ወርዶ መጨረሻው ላይ፣ ሳማሶኒ የሚባል የታችኛው መንደር ሰው ጎደሬ በትከሻው ተሸክሞ መንገድ ሲያቋርጥ አገኘው። ማሊኖ ፍሬን ያዘ፤ ፔዳሉ ሰመጠ። መሪውን ጠምዝዞ ከድንጋይ አጥር ጋር አላተማት፤ ግን የመኪናዋ ጎን ሳማሶኒን መታው። እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ማሊኖ ራሱ አቅፎት፣ በአላፊ መኪና ነው ሆስፒታል ያደረሰው። ሐኪሞቹ እግሩ ይቆረጥ ይሆናል ብለው ነበር።

ከሰዓት በኋላ አባባ ቤት ተሰበሰብን። የማሊኖ ሸሚዝ ደም በደም ነው።

"ፍሬን በጠሰብኝ አባባ።"

አባባ ወለሉን በጡጫ መቱት። "ሉታ ደህና ናት ብላኝ የለም እንዴ! በሰው መኪና አታሳብብ! ወንድ ሁንና ጥፋትህን ተቀበል!"

ማሊኖ ቀና ብሎ አየኝ። አልተቆጣም። እንድናገር ጠበቀኝ። እኔ ምን አደረግሁ? ማራገቢያዬን አንስቼ አራገብኩ። ሞቆኝ አልነበረም። ማሊኖም አንገቱን ደፋ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ፍሬኑ ቃል አልወጣውም። እዚያው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ኢፎጋ እንውጣ፣ ደጃቸው ተደፍተን ይቅርታ እንለምን ተባለ። ጎህ ሲቀድ በሳማሶኒ ደጅ ደረስን። ያጠፋው ልጅ ቢሆንም የሚጎነበሰው አለቃው ነውና አባባ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ሣሩ ላይ ተንበረከኩ። ማሊኖ ከጎናቸው ተደፋ። ትልቁን የክብር ሰሌን ሁለቱም ላይ አለበስናቸውና እኛ ከኋላ ተቀመጥን። ከዚህ በኋላ ውሳኔው የነሱ ነው። ሰሌኑን ካነሱት ይቅር ብለዋል፤ ነገሩም እዚያው ይቀበራል፣ ከዚያ ወዲያ ማንም አያነሳውም። ካላነሱት ግን የሚመጣውን እግዜር ይወቀው። ጎረምሶቻቸው ድንጋይ ይዘው ቆመዋል።

ፀሐይ ወጣች። ቤቱ እንደ አገራችን ቤት ሁሉ ግድግዳ የለው፣ ሻይ ሲጠጡ እናያቸዋለን፤ እነሱ እኛን አያዩንም። የአባባ የተሰነጣጠቀ ተረከዝ ከሰሌኑ ሥር ወጥቶ ይንቀጠቀጣል። ፔሌናቶ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"ሉታ፣ እንናገር?"

"ዝም በል! አባባን በሰው ደጅ ልታዋርዳቸው ነው?"

አባባን አስቤ አይደለም። አይስክሬሜን ነው ያሰብኩት፣ የመንደሩን ሳቅ። ሰው እግሩን ሊያጣ ነው፣ እኔ የምፈራው መሳቂያ መሆንን ነው። አፈር ልብላ!

ረፋዱ ላይ የሳማሶኒ ሚስት ሲኔቫ ወጣች። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። ሰሌኑ አጠገብ ቆመች፤ አላነሳችውም።

"ከሥር ያለኸው ልጅ" አለች፣ "አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ለምን አላቆምክም?"

አሁን መናገር ነበረብኝ፤ ሁለት ቃል ይበቃ ነበር።

"እየበረርኩ ነበር፣ እናቴ" አለ ማሊኖ ከሰሌኑ ሥር። "ጥፋቱ የኔ ነው።"

ሲኔቫ አለቀሰች። ጎንበስ ብላ ሰሌኑን አነሳችው። አባባን ደግፈው አስነሷቸው፣ ምግብ ቀረበ፣ ንግግር ተደረገ። እኔም በላሁ፤ በላሁ ስላችሁ!

የመንደራችን ሸንጎ ግን ማሊኖ ዳግመኛ መሪ እንዳይጨብጥ ወሰነ። ልጆቹ ሲያልፍ "ነፋሱ መጣ!" ይሉታል። ፍሬኑን ፔሌናቶ በዚያው ሳምንት አሠራው፤ አንድም ሰው ለምን ብሎ አልጠየቀንም።

የሳማሶኒ እግር ተረፈ፤ በምርኩዝ ይሄዳል። ከሁለት ወር በኋላ አላስችል ሲለኝ ቅርጫት ሙሉ ምግብ ሠርቼ ሲኔቫ ዘንድ ሄድኩ። ሰሌን ትሠራለች። ሁሉንም ዘረገፍኩላት፣ ቁልፉን እንዴት እንደሰጠሁ፣ ማሊኖ ጠይቆኝ ምን እንዳልኩት። እጇ ሥራዋን አላቆመም።

"እኔ ይቅር ያልኩት የጎነበሰውን ነው" አለችኝ በመጨረሻ። "አንቺ አልጎነበስሽም። አሁን ምን ላድርግልሽ?"

ቅርጫቱን ወደሷ አስጠጋሁት።

"ለማሊኖ ነግረሽዋል?"

"እሱማ ያውቃል።"

"ማወቁን አልጠየቅኩሽም። ነግረሽዋል ወይ ነው ያልኩሽ።"

"አልነገርኩትም።"

ቅርጫቱን በእግሯ ገፋ አደረገችልኝ። "እንግዲያው ይህን ለሱ ውሰጂለት።"

እያለቀስኩ ወጣሁ። ዛሬ እነግረዋለሁ፣ እግሩ ላይ እወድቃለሁ ብዬ ማልኩ። የመንደራችን መግቢያ ላይ ስደርስ ማሊኖ ራሱ በእግሩ ከእርሻ ሲመለስ አገኘሁት። ከሩቅ እንዳየኝ ፈገግ አለ።

"ሉቲ፣ ከብዶሻል፤ አምጪ ልያዝልሽ።"

ሰጠሁት። እስከ ቤቴ ድረስ ተሸከመልኝ፤ እኔም ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት እንደበዛ ሳወራለት ሄድኩ።