የአባቴን እግር በመቀነት የጠመጠምኩ ዕለት

ባለፈው ወር ደሴ ልጄ ዘንድ ከርሜ ዳሌዬን ታከምኩ። ነርሷ በሁለቱ እግሮቼ ላይ በአየር የሚነፋ ጨርቅ አልብሳ ከአንዲት ትንሽ ማሽን ጋር አገናኘችው። ጨርቁ ያብጥና ባቴን ጭምቅ ያደርጋል፤ ተንፈስ ይላል፤ ደግሞ ይጨምቃል። «ደሙ እግርዎ ውስጥ እንዳይረጋ ነው» አለችኝ። ማሽኑን ከማስነሳቷ በፊት ግን «ልብዎን አሞዎት ያውቃል? ሲተኙስ ትንፋሽ ያጥርዎታል?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። ይህን ስሰማ እንባዬ መጣ። ልጅቱ ደነገጠች፤ ያመመኝ መስሏታል። እኔ ያለቀስኩት ለአባቴ ነው።

ጊዜው የጃንሆይ መጨረሻ ዓመታት ነበር። ቤታችን ከመካነ ሰላም በበቅሎ ሦስት ሰዓት ያስኬዳል። አባቴ ሼህ ሙሄ የመንደሩን ልጆች ቁርአን ያስቀሩ ነበር። ከማለዳ እስከ እኩለ ቀን አጎዛ ላይ እግራቸውን አጥፈው ይቀመጣሉ፤ ኪታብ ባለበት እግር መዘርጋት ለእሳቸው ነውር ነው። የዚያን ዓመት ክረምቱ ወጥቶ ገብሱ ሲያሸት እግራቸው ማበጥ ጀመረ። በጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ ይቀራል። ሲተኙ ትንፋሽ ስለሚያጥራቸው ሦስት ትራስ ይደገፉ ነበር፤ እኛ እርጅና ነው አልን። እሳቸውን ያስከፋቸው ሕመሙ አይደለም፤ እግራቸው አልታጠፍ ብሎ ከልጆቹ ጋር መቀመጥ አለመቻላቸው ነው።

እኔ ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። የበኩር ልጄን የወለድኩት እንደ አገሩ ልማድ እናቴ ቤት ነው። እናቴ በወለድኩ ማግስት ሆዴን በረጅም መቀነት ጥብቅ አድርጋ ጠመጠመችው፤ አርባ ቀን ሳይሞላ ሆዴ ቦታው ተመለሰ። ታዲያ ሆድን የመለሰ መቀነት እግርን ምን ይሳነዋል? ይህ ሐሳብ የመጣልኝ ለእኔ ነው፤ እንዴት እንደኮራሁበት!

አንድ ረቡዕ እናቴ ገበያ እንደወጣች የኔን መቀነት ፈታሁ፤ የሷንም ትርፍ ከሣጥን አወጣሁ። ከጣታቸው ጀምሬ እስከ ጉልበታቸው ጥፍር አድርጌ አሰርኳቸው።

«ዘሐራ፣ አራስ አደረግሽኝ እኮ!» ብለው ሳቁ።

እውነትም የእግራቸው እብጠት ጎደለ። መቀነቱ ሲላላ ደግሜ አጠበቅሁት። «አልሐምዱሊላሂ፣ ነገ ልጆቹ ዘንድ እመለሳለሁ» አሉ። እኔም ጭራሽ ብሶብኝ ትራሶቹን ከራስጌያቸው አንስቼ ከእግራቸው ሥር ከተትኩና ጋደም አደረግኋቸው።

ብዙም አልቆየ። ትንፋሻቸው ያንቃቸው ጀመር። ከንፈራቸው ጠቆረ፤ አፋቸው አረፋ ደፈቀ፤ እጃቸው የሚይዘው ነገር አጥቶ አየሩን ይቧጥጣል። ጮህኩ።

አላህ ሲያድነን፣ ከመካነ ሰላም ክሊኒክ የመጣ ግዛው የሚባል ወጣት ድሬሰር፣ የዚያን ጊዜ የጤና ረዳት፣ ከመንደራችን በታች ልጆች ይከትብ ነበር። ወንድሜ ሮጦ ጠራው። ግዛው እንደገባ አባቴን ደግፎ መደቡ ጠርዝ ላይ አስቀመጣቸው፤ እግራቸውን ወደ ታች አንጠለጠለ፤ መቀነቶቹን ፈታ። ከዚያ ውሃውን በሽንት የሚያወጣ መርፌ ወጋቸው።

ቤቱ በጎረቤት ሞልቷል። «ማነው እንዲህ ያሰራቸው?» አለ አጎቴ።

«እኔ ነኝ» አልኩ፤ ልጄን እንዳቀፍኩ ግድግዳው ላይ ተለጥፌ።

«አባትሽን ገደልሻቸዋ!»

ግዛው ቀና አላለም። የልብ ማዳመጫውን ከአባቴ ደረት ሳያነሳ በእጁ ዝም እንዲሉ ምልክት ሰጠ። አባቴ ሸንተው ትንፋሻቸው ሲመለስ ብቻ ወደ ሰዉ ዞረ።

«ማንም እንዳይቆጣት። እኛም እግሩ ብቻ ላበጠ ሰው እንጠመጥማለን፤ ደሙ በደም ሥሩ ወደ ላይ እንዲመለስ ነው። የሼህ ልባቸው ደክሟል። ከእግራቸው የተላከውን ደም ልባቸው ገፍቶ ማሳለፍ አቃተውና ወደ ሳንባቸው ሄደ። ይህን እሷ ከየት ታውቀዋለች?» ቀጥሎ ወደ እኔ መጣ። «አብሽሪ፣ እህቴ። እጅሽ ጎበዝ ነው። ሌላ ጊዜ የሰው እግር ከመጠምጠምሽ በፊት ስለ ትንፋሹ ጠይቂ።»

እናቴ ከገበያ ስትመለስ ወተት ቀዳችለት። ረቡዕ ነውና እሱ ጿሚ ነው፤ አልነካውም። ገብስ ቆላችለት፤ ከነትኩሱ እየቆረጠመ ከአባቴ ጎን ሁለት ሰዓት ያህል ቆየ።

ጨው ከለከላቸው። አባቴ ብቻቸውን እንዳይበሉት ብለን ሁላችንም ጨው የሌለው የባቄላ ወጥ በላን፤ እንደ አፈር ነበር፤ ማንም ግን አላጉረመረመም። ኪታቡን ከፍ ያለ በርጩማ ላይ አድርገው፣ መደቡ ላይ እግራቸውን አውርደው፣ ማስቀራት ጀመሩ። ሁለት ክረምት ተጨመረላቸው። ልጄ እግር አውጥቶ ሲሮጥ አዩት። ለእነዚያ ሁለት ክረምቶች ዛሬም ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ።

ግዛው በዓመቱ ወደ ሌላ አገር ተቀየረ። አላመሰገንኩትም። አባቴን ሊያይ በመጣ ቁጥር ከሐፍረቴ የተነሳ ጓዳ እገባ ነበር። አጎቴ የተናገረው ቃል ብቻውን ጆሮዬ ውስጥ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ፣ ዳግመኛ የታመመ ሰው ለመንካት የምደፍር አይመስለኝም።

ነርሷ ማሽኑን ፈትታ እግሬን እያሻሸች «እማማ፣ ሥራዎ ምን ነበር?» አለችኝ።

«አዋላጅ ነበርኩ። አርባ ዓመት።»

«ማን አስተማረዎት?»

ዘመናዊውን ኮርስ የሰጡን ብዙ ናቸው። በአፌ የመጣው ግን «ግዛው የሚባል ድሬሰር» የሚል ነው። ያን ስም ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።