ባቡር ዘራፊው ፊኪሌ

ፊኪሌ ምጎዱካ ከአሥር ዓመት በላይ በየቅዳሜው ባቡር ሲዘርፍ ኖሯል። በአዘቦት ቀን የዚያኑ ባቡር አመድ ይጠርጋል፤ እሑድ ደግሞ በሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ሙዳየ ምጽዋት ያዞራል። ከሦስቱ የትኛው እንደሚከብደው አንድ ቀን ብጠይቀው ትንሽ አሰበና «ሙዳየ ምጽዋቱ» አለኝ። «ባቡሩ ላይ ሰው ሳያንገራግር አውጥቶ ይሰጣል።»

የእኔ ሱቅ ከክሊፕሩስ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ስለሆነ አብዛኛውን ነገር ከባንኮኒዬ ጀርባ ቆሜ አይቻለሁ። ያላየሁትን እሱ ወይም ሚስቱ ማቤሌ ነግረውኛል። የፊኪሌ ጎሳ ቶሎ ይባላል፤ እዚህ አገር ሰውን ሲያከብሩት በጎሳው ስም ይጠሩታልና መንደርተኛው ሁሉ «ቶሎ፣ ቶሎ» ይለዋል። ክሊፕሩስ የመጣሁ ሰሞን የሚያጣድፉት መስሎኝ አዝንለት ነበር። ፊኪሌ ግን በሕይወቱ ተጣድፎ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ባቡሩ በድሮው ጊዜ አናናስና የበግ ፀጉር እየጫነ ወደ ባሕሩ የሚወርድ የመንግሥት ባቡር ነበር። ጭነቱን የጭነት መኪኖች ሲወስዱት፣ ሚስተር ክሉተ የሚባል ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ከጓደኞቹ ጋር ማኅበር አቋቁሞ ለቱሪስት ተረከበው። አንድ ሎኮሞቲቭ፣ አራት ፉርጎ፣ አንድ ጋራዥ፤ ፊኪሌም ከልጅነቱ ጀምሮ እዚያው አመድ ሲዝቅ ስለኖረ ከዕቃው ጋር ተረከቡት።

የዝርፊያው ሐሳብ የሚስተር ክሉተ ነበር። «እንፋሎት ብቻ ለማየት ብሎ ከጀርመን የሚመጣ የለም» አለ። በእርግጥ የሚመጡ ነበሩ፤ ሚስቶቻቸው ግን ይሰለቻሉ። ስለዚህ ባቡሩ ዳገቱን ጨርሶ ግራሩ ጫካ ጋ ሲደርስ ይቆማል፣ ከዛፎቹ መሀል ሁለት ወንበዴዎች ፊታቸውን በቀይ ሻሽ ሸፍነው በፈረስ ይወጣሉ፣ ሰዓትና ባርኔጣ ይሰበስባሉ፤ ባሕሩ ዳር ሲደረስ ደግሞ ሁሉም ንብረቱን ከሻይና ከወተት ኬክ ጋር መልሶ ይወስዳል። ፈረሶቹ ከጎረቤት እርሻ በውሰት የመጡ ናቸው። ጠመንጃዎቹ አይተኩሱም።

አንደኛው ወንበዴ ቴምቢሌ ነበር፤ ለዚሁ የተፈጠረ የሚመስል ወጣት። ከፈረሱ በቀጥታ ወደ ፉርጎው ይዘላል፣ ጣራ ይደበድባል፣ የአሮጊቶችን እጅ ይስማል። ቱሪስቶቹ ይወዱታል። ፊኪሌ ከኋላው ከረጢቱን ይዞ ይከተላል። «ይቅርታ እመቤቴ፣ ካላስቸገርኩዎት ሰዓትዎን።»

ሚስተር ክሉተ ይህ ያንገበግበዋል። «ፊኪሌ፣ ጩህ እንጂ። ወንበዴ እኮ ነህ።»

«ይሰሙኛል ሚስተር ክሉተ። ፉርጎው ጠባብ ነው።»

አንድ ቅዳሜ አንዲት አሮጊት ሴትዮ ጨዋታው አልገባትም። የጋብቻ ቀለበቷን እያለቀሰች ከጣቷ አወለቀችና «የሞተው ባሌ ነው ያደረገልኝ፤ ግን ውሰደው» ብላ ዘረጋችለት። ፊኪሌ ከረጢቱን ለቴምቢሌ አቀበለ፣ ሻሹን ከፊቱ አወረደ፣ ቀለበቱን መልሶ አጠለቀላትና አጠገቧ ተቀመጠ። እስከ ባሕሩ ድረስ ስለ ጉልበቱ ሕመም ሲያወራት ሄደ። የዚያን ቀን ግማሹ ባቡር ሳይዘረፍ ቀረ። ሴትዮዋ ከዚያ ወዲያ በየገናው ካርድ ትልካለች። ፖስታው ላይ «ለዘራፊው፣ ክሊፕሩስ» ብቻ ነው የምትጽፈው። ፖስታ ቤቱ አንድም ቀን ለማን ነው ብሎ ጠይቆ አያውቅም።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግን ነገሩ ጥያቄ አስነሣ። አዲስ የመጣው ፓስተር በስብሰባ ላይ «ቅዳሜ የሚዘርፍ እጅ እሑድ ሙዳየ ምጽዋት ቢይዝ ለምእመናን ምን ይመስላል?» አለ። ፊኪሌ አንገቱን ደፋ። ማቤሌ ተነሣች። ግዙፍ ሴት ናት፤ ስትነሣ ወንበሩም ድምፅ ያሰማል።

«ፓስተር፣ የእኔ ባል የወሰደውን ሁሉ በዚያው ቀን ይመልሳል» አለች። «እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንደሱ የሚያደርግ ሌላ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።»

እጁን ያወጣ አልነበረም። ወደሚቀጥለው አጀንዳ ታለፈ።

የባቡሩ ነገር መበላሸት የጀመረው ከጭስ ማውጫው በወጣ ፍንጣሪ ነው። የአንድ ገበሬ የግጦሽ መሬት ተቃጠለ፤ ጠበቆች ገቡበት፤ ከዚያ ወዲያ በደረቁ ወራት ባቡሩ እንዳይንቀሳቀስ ተወሰነ። ቱሪስት የሚመጣው ደግሞ በደረቁ ወራት ነው። በዝናብ የሚመጡት ጥቂቶች መስኮት ዘግተው እየተንቀጠቀጡ ይሄዳሉ። ቀጥሎ ወደ ባሕሩ አስፋልት መንገድ ወጣ። ቀጥሎ ፈረሶቹን የሚያውሳቸው እርሻ ተሸጠና አዲሱ ባለቤት ለአደን የሚሆን አጋዘን ማርባት ጀመረ።

«በእግር እንዘርፋለን» አለ ሚስተር ክሉተ።

«እኔ በእግሬ እየሄድኩ የምዘርፍ ወንበዴ አይደለሁም» አለ ቴምቢሌ፤ ሻሹን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ሄደ። ፊኪሌ ሻሹን አነሣ፣ አጠበና ከራሱ ሻሽ ጋር አስቀመጠው።

ከዚያ ሾፌሩ ጡረታ ወጣ፤ ሚስተር ክሉተ ራሱ መንዳት ጀመረ። ከሰል የሚጨምረውም ሰው ሲለቅ ፊኪሌ አካፋውን ያዘ። እንግዲህ ቅዳሜ የሚሆነው ይህ ነው፦ ፊኪሌ ዳገቱን ሙሉ ከሰል እየጨመረ ይወጣል፤ ግራሩ ጫካ ጋ ሲቆሙ በወዲያኛው በኩል ይወርዳል፣ በቁጥቋጦው ዞሮ ሻሹን ያስራል፣ ላቡን ይጠርግና ብቅ ይላል። ዘርፎ ሲጨርስ በመጣበት ዞሮ ይመለስና ከሰሉን ይቀጥላል። ሚስተር ክሉተ ያን ጊዜ ሁሉ የእንፋሎቱን መለኪያ እያየ ይጠብቀዋል።

አንድ ቀን አንድ ሆላንዳዊ ሰዓቱን ከመስጠቱ በፊት ትኩር ብሎ አየው። «ይቅርታ፣ ቅድም ከሰል ስትጨምር የነበርከው አንተ አይደለህም?»

ፊኪሌ አሰበ። «ወንድሜ ነው።»

«ጥላሸቱስ?»

«አንድ ቤት ነው ያደግነው» አለ ፊኪሌ፤ ሰዓቱን ተቀበለ።

የመጨረሻው ጉዞ የመጨረሻ መሆኑን ያወቀ አልነበረም። ተሳፋሪዎቹ አንድ ባልና ሚስት ብቻ ነበሩ፤ ዝርፊያው ቶሎ አለቀ። በሚቀጥለው ሳምንት ከባድ ዝናብ ጣለና ወንዙ ከሐዲዱ ሥር ያለውን ድልድል አፈር ጠርጎ ወሰደው። ሐዲዱ ራሱ አልተበጠሰም። ከዳር እስከ ዳር አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ውኃው ሲጎድል የሰፈሩ ሴቶች ብርድ ልብስ አጥበው ያሰጡበት ጀመር።

ሚስተር ክሉተ ሄዶ አየው። «ይጠገናል» አለ። ብርድ ልብስ የምታሰጣውን ሴትዮ «ለጊዜው ነው» አላት፤ እሷም እሺ አለችው።

አልተጠገነም። ሚስተር ክሉተ ልቡን ታመመና አውስትራሊያ ያለች ልጁ መጥታ ወሰደችው። ከመሄዱ በፊት መኪናው ውስጥ እንደተቀመጠ የጋራዡን ቁልፍ ለፊኪሌ ሰጠው።

«እስክመለስ ጠብቅልኝ።»

«እሺ ሚስተር ክሉተ። እርስዎም ራስዎን ይጠብቁ።»

በሚቀጥለው ዓመት መሞቱን ሰማን። የማኅበሩ ሰዎችም አንድ በአንድ ተበተኑ። ፊኪሌ ግን ጠዋት ጠዋት ጋራዡን ይከፍታል፣ ሎኮሞቲቩን ዘይት ይቀባል፣ ነሐሱን ይወለውላል፣ ከሰዓት በኋላ ይዘጋል። «ለማን ብለህ ነው?» ስለው «ቁልፉን የሚቀበለኝ ሰው ስጠኝና ልተው» ይለኛል። ቤቱን የምታኖረው ማቤሌ ነበረች፤ ትምህርት ቤት በር ላይ የተጠበሰ ሊጥ እየሸጠች።

አንድ ረቡዕ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ከግራሩ ጫካ በኩል የብረት ድምፅ ተሰማው። ሄዶ ሲያይ ሰዎች በጋዝ መቁረጫ ሐዲዱን እየቆረጡ የጭነት መኪና ላይ ይጭናሉ። አለቃቸው ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ወፈር ያለ ሰው ነው። ቴምቢሌ ነበር።

«ቶሎ» አለ ቴምቢሌ መነጽሩን አውልቆ፤ ከልቡ ደስ ብሎታል። «ደህና ነህ? ማማ ማቤሌስ?»

«ደህና ናት። ምን እያደረግህ ነው?»

«እንደ ድሮው ነዋ። እዚሁ ቦታ አብረን ስንዘርፈው አልነበረም? ና ያዝ፣ አንተም ድርሻ አለህ።»

«ያኔ እንመልስ ነበር» አለ ፊኪሌ።

ቴምቢሌ ሳቀ። ሰዎቹም ሳቁ። ፊኪሌ ግን ሄዶ ሐዲዱ ላይ ተቀመጠ፤ ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ።

«ተነሣ ታታ» አለው ቴምቢሌ፤ አባባ ማለቱ ነው፤ አሁን በጎሳ ስሙ መጥራቱን ትቷል። «ማን ይፈልገዋል ይሄን? ባቡር የለ፣ ፈረንጅ የለ። ሣር እኮ ነው የሚበቅልበት።»

«እኔ እዚህ ነው የተቀመጥኩት።»

«እሳቱ ያቃጥልሃል።»

«እንግዲህ ተጠንቅቀህ ቁረጥ።»

ቴምቢሌ አለቃ ሆኖ ሰው ፊት መሸነፍ አልፈለገም፤ በዕድሜ የሚበልጠውን ሰው ጎትቶ ማንሣትም አፈረ። ስለዚህ ፊኪሌ ከተቀመጠበት በግራም በቀኝም ቆረጡት። መኪናው ሲሞላ ቴምቢሌ የቀዝቃዛ ለስላሳ ጠርሙስ አምጥቶ አጠገቡ አስቀመጠለትና ሄዱ። ጫካው ጋ ከነበረው ሐዲድ የተረፈው ፊኪሌ የተቀመጠበት ብቻ ነው። ለስላሳውን አልጠጣም፤ ጠርሙሱን ይዞት ወደ ሱቄ መጣና «ይሄን ለቴምቢሌ መልስልኝ» አለኝ። ወንበር ሰጠሁት፤ ሱቁን እስክዘጋ ድረስ ተቀመጠ።

ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ የቴምቢሌን ስም ጠርቶ አመለከተ። ፖሊሱ ጻፈ። «ንብረቱ የማን ነው?» አለው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ሲጠየቅ «የማኅበሩ ነው» አለ። ከማኅበሩ በሕይወት የተገኘው አንድ ሽማግሌ ደግሞ «የመንግሥት ነው፤ እኛ ተውሰን ነው» አለ። ባለቤት ከሌለ የተሰረቀ የለም ተባለ።

በመጨረሻ ከሩቅ አገር አንድ የወይን እርሻ ሎኮሞቲቩን ለጌጥ ገዛው፤ ሻጩ ማን እንደሆነ ግን አልተነገረንም። እርሻው ውስጥ ባለ ምግብ ቤት በር ላይ ሊያቆሙት ነው። ገዢው የላከው ወጣት ደግ ልጅ ነበር። ክሬኑ ከሰዓት በኋላ ነው የሚደርሰው ሲል ፊኪሌ «ከጋራዡ እስከ ክሬኑ ድረስ በራሱ ይውጣ» ብሎ ለመነው።

«አይፈነዳም እንዴ?»

«ቀስ አድርጌ ነው የማሞቀው።»

ከንጋት ጀምሮ እሳት አነደደ። ረፋዱ ላይ ጭስ ሲያይ መንደሩ ሁሉ መጣ። ማቤሌም መጣች፤ የቤተ ክርስቲያኑን የሴቶች ማኅበር ልብስ፣ ቀዩን ሸሚዝና ነጩን አንገትጌ ለብሳ። ያን ቀን ነው ያወቅነው፤ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድም ቀን ባቡሩ ላይ ወጥታ አታውቅም። ቅዳሜ ቦታው የከፋይ ነው፤ በሌላ ቀን ደግሞ ባቡሩ አይሄድም። የጠየቃትም አልነበረም፤ እሷም አልጠየቀችም።

ፊኪሌ ከላይ ሆኖ እጁን ዘረጋላት። ሁለት ሰዎች ከኋላ ደገፏትና ወጣች። እንፋሎቱ ተነፈሰ፤ ሎኮሞቲቩ ከጋራዡ ወጥቶ፣ የጣቢያውን መድረክ አልፎ፣ ከቆራጮች የተረፈው ሐዲድ እስካለቀበት ሄደ። ሩቅ አይደለም። ከሱቄ በር ላይ ሆኜ ድንጋይ ብወረውር ይደርሳል።

«ይኸው ነው?» አለች ማቤሌ።

«ይኸው ነው» አለ ፊኪሌ።

«መልሰው።»

ወደ ኋላ መለሰው። እንደገና ወደ ፊት ሄዱ። ወጣቱ ሰዓቱን ያያል። ሦስተኛው ላይ ማቤሌ የፉጨቱን ገመድ ራሷ ሳበችውና ውሾች ሁሉ ጮኹ። ፊኪሌ ፊቱን ወደ እሳቱ አዞረ፤ ከሰል የሚጨምር መስሎን ነበር፤ አካፋውን ግን አላነሣም። ብዙ ቆይቶ ነው የዞረው።

አሁን ጋራዡ የዶሮ እርባታ ሆኗል፤ ፊኪሌም እዚያው ዘበኛ ነው። ዶሮዎቹ ከቱሪስቶቹ ያነሰ ጣጣ አላቸው ይላል። ሎኮሞቲቩን ሄደህ እየው ብለው ትኬት ሊቆርጡለት ቢሉ እንቢ አለ፤ እሳት በሌለው ነገር ፊት ቆሞ ምን እንደሚል አያውቅም።

ከዚያ ጉዞ በኋላ ባለው ሐሙስ ማቤሌ ወደ ሴቶች ማኅበር ስትሄድ ነጩ አንገትጌዋ ላይ ጥቋቁር የጥላሸት ነጠብጣብ ነበር። በሁለት ዓይነት ሳሙና አሽታዋለች፣ አልለቅ አለ። ሴቶቹ ጠቆሟት። «አውቃለሁ» አለችና መዝሙሩን ቀጠለች።