ነርስ ቡዋኬው የምታዳምጠው እርምጃ

የላስቲክ ነጠላ ጫማ በሳንቃ ወለል ላይ ጠፍ ጠፍ ሲል በሰማሁ ቁጥር፣ ይኸው አርባ ዓመት አልፎት እንኳ፣ ነርስ ቡዋኬው ትዝ ትለኛለች። በሜኮንግ ወንዝ ዳር በነበረችው ጤና ጣቢያ አብሬያት ሠርቻለሁ። ያን ጊዜ የእብድ ውሻ ክትባት የሚሠራው ከበግ አንጎል ነበር፤ ዐሥራ አራት ቀን በተከታታይ እንብርት ዙሪያ ይወጋል። አልፎ አልፎ ግን ክትባቱ ራሱ ነርቭ ይጎዳል። ስለዚህ ቡዋኬው በየቀኑ ከመርፌው በፊት የተነከሰውን ሰው እስከ በሩ አስኪዳ ትመልሰዋለች፤ ዐይኗን ጨፍና እርምጃውን ታዳምጣለች።

ዓሣ አጥማጁ ቶንግዳም በዘጠነኛው ቀን ሲራመድ፣ የጫማው ድምፅ በአንድ ወገን ቀረ። ጫማው ወልቋል፤ እሱ አላወቀም።

«ጫማህን ለማን ጥለህ ነው?»

«ለአንቺ ነዋ፣ እትዬ! ሆዴን ከመውጋት ጫማ መሸጥ ይሻልሻል ብዬ።»

እሱ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። ውስጥ እግሩን በክብሪት እንጨት ጫረችው። አልተሰማውም። መርፌውን በዚያው ዕለት አቆመች፤ ሽባነቱ ግን እስከ ወገቡ ወጥቶ እዚያው ቀረ። ስሙን መዝግባ ወደ ዋና ከተማው ላከች። በስድስት ዓመት ከወጋናቸው ከሁለት ሺህ የሚበልጡ ሰዎች መካከል ክትባቱ ሽባ ያደረገው ሁለተኛው ሰው ነበር።

በዝናቡ ወራት የቶንግዳምን ትንሽ ልጅ ውሻ ነከሳት። ሦስት ቀን ጠበቅን፤ አላመጧትም። በእንጨት ምሰሶዎች ላይ ከፍ ብሎ ወደ ተሠራው ቤታቸው ሄድን። ልጅቷ ከአባቷ ምንጣፍ አጠገብ ተቀምጣ ሩዝ በጣቷ እያድበለበለች ትበላለች፤ ክንዷ በጨርቅ ታስሯል።

«ውሻው አብዶ ሞቷል፣ ቻንታ» አለቻት ቡዋኬው እናቲቱን። «በሽታው አንዴ ከተነሳ መድኃኒት የለውም። ዛሬውኑ እንጀምር።»

«አባቷንም እንዲህ ብለሽ ነው የወጋሽው።»

«አዎ፣ ብዬ ነበር።»

«ልጅቷን ስጫት!» አላት ቶንግዳም ሚስቱን ከተኛበት። «እኔ ቢያንስ አለሁ።»

«አለሁ ይላል እንዴ! ትናንት ማን አገላበጠህ?» ቻንታ ወደ ቡዋኬው ዞረች። «እሺ፣ ልጄ እንደሱ እንደማትሆን ማይልኝ።»

አንድ ቃል ብትዋሽ ልጅቷን ይዘን እንደምንመለስ ለሁለታችንም ገብቶናል። በክርኔ ጎሸም አደረግኋት።

«አልምልም» አለች ቡዋኬው። «በየቀኑ እኔው ራሴ አያታለሁ፤ ምልክት ካየሁ አቆማለሁ። ሦስተኛ ሰው አይኖርም ግን አልልሽም።»

ቻንታ ልጅቷን ሩዟን እንደያዘች አነሣችና ታቀፈቻት። ወደ ጤና ጣቢያው መንገድ በሚያወጣው በር ሳይሆን፣ ጀልባው ወደ ታሰረበት በሚወርደው የጓሮ መሰላል፣ ደኅና ሁኑም ሳትለን ወጣች።