የባልቻ ቀላል ተሳቢ

ባልቻ ጫማ ሲገዛ ባለሱቁ ምሳውን በልቶ፣ ሰግዶ፣ ትንሽ ጋደም ብሎ ይመለሳል፤ ባልቻ ገና የግራ እግሩን እየለካ ነው። ሚስቱን አልጋነሽን ላግባ አላግባ እያለ ባሰበበት ጊዜ ውስጥ ዲላ ከመንደርነት ወደ ከተማነት አድጋለች የሚሉ አሉ። በመጨረሻ ራሷ ናት መጥታ፣ «አንተ ካልወሰንክ እኔ ወስኛለሁ፤ ቅዳሜ ሽማግሌ ላክ» ብላ የገላገለችው። ከዚያ ወዲህ በቤታቸው የተወሰነ ነገር ሁሉ በዚሁ መንገድ የተወሰነ ነው።

እንዲህ ያለው ሰው እንግዲህ ባለፈው ዓመት የሦስት ባለ አራት ጎማ ሞተሮች ጌታ ሆነ። ሹፌር ሆኖ ያረጀበት ፕሮጀክት ሲዘጋ ንብረቱ ለጨረታ ወጣ። ባልቻ ሐሳቡ አንዱን ሞተር ለመጫረት ነበር። ከሦስቱ የትኛው እንደሚሻል መምረጥ ስላቃተው ሦስቱንም ገዛቸው። ግቢው ውስጥ፣ እንሰቱ ሥር ደረደራቸው። ዶሮዎቹ በአንደኛው ወንበር ላይ እንቁላል መጣል ጀመሩ። አልጋነሽ ሞተሮቹን ማማረር ትታ ከወንበሩ ላይ እንቁላል መልቀም ለመደች።

አንድ ቀን ግን ስልክ ተደወለ። ወንድይፍራው ነው፤ ባንኮ ጎቲቲ ያለው የቡና እጥበት ጣቢያ ኃላፊ።

«ባልቻ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ የውጭ ቡና ገዢዎች ይመጣሉ። ተራራው ላይ ያሉትን የገበሬ ማሳዎች ዞረው ማየት ይፈልጋሉ። በእግር አይችሉትም። እነዚያ ባለ አራት ጎማ ነገሮችህ አሉ አይደል?»

«አሉ! አሉ እንጂ!»

«ቅዳሜ ጠዋት እዚህ ካደረስካቸው የወቅቱ እንግዳ ሁሉ ያንተ ነው። ካላደረስክ ለፈይሰል ፈረሶች እሰጠዋለሁ። ፈረስ ነዳጅ አይጠጣም።»

ከሥራ ከወጣ ወዲህ «ና» ብሎ የደወለለት የመጀመሪያው ሰው ወንድይፍራው ነው። ሌላው ሁሉ የሚደውለው «ሞተሮቹን ሸጥካቸው ወይ?» ለማለት ነበር።

ችግሩ መንገዱ ነው። ሞተሮቹ ታርጋ የላቸውም፤ አስፋልት ላይ ከወጡ ትራፊክ ፖሊሱ ገና ከሩቅ ነው ፉጨት የሚጀምረው። አይሱዙ እንዳይከራይ ጊዜው የቡና ለቀማ ነው፤ በለቀማ ሰሞን ጌዴኦ ውስጥ ባዶ አይሱዙ ከማግኘት ባዶ ቤተ ክርስቲያን ማግኘት ይቀላል። የቀረው አንድ መላ ነው፤ ከራሱ አሮጌ ሱዙኪ ኋላ ተሳቢ መቀጠል። ሱዙኪዋ ደግሞ አልጋነሽ ከገበያ ሁለት ዘለላ ሙዝ ይዛ ስትገባባት የምታቃስት መኪና ናት። ስለዚህ ተሳቢው የግድ ክብደት የሌለው መሆን አለበት።

ምርጫው ተጀመረ፤ ማለትም የባልቻ መከራ ተጀመረ።

መጀመሪያ ጉዳዩን ወደ ሀኒ ካፌ ይዞት መጣ። ትልቅ ስህተት ነበር። ሀኒ ካፌ ከከተማው ወደ ወናጎ መውጫ፣ ከዳገቱ እግር ሥር ያለች ናት፤ እዚያ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ የማያውቀው ሙያ የለም። አንዱ «ባለ ሁለት ጎማ ይሁን፤ ይታጠፋል» አለ። ሌላው «ባለ ሁለት ጎማማ ሞተሮቹ ወደ ኋላ ካጋደሉ ሱዙኪህን እንደ ሚዛን አንስቶ ይሰቅላታል» አለ። ሦስተኛው በሕይወቱ ከጋሪ በቀር ተሳቢ አይቶ የማያውቅ ነው፤ እሱ ነው ሁሉንም ጸጥ ያሰኘው፦ «አልሙኒየም ነው እንጂ! በውጭ አገር ሁሉም አልሙኒየም ነው።»

ባልቻ በስልኩ የአልሙኒየም ተሳቢ ቪዲዮ ማየት ጀመረ። በቪዲዮው ላይ አንድ ደስተኛ ፈረንጅ ተሳቢውን በአንድ ጣቱ ያነሳና ፈገግ ይላል። ባልቻ ይህን ፈረንጅ ከቁርስ በፊት ያየዋል፣ ከቁርስ በኋላ ያየዋል፣ እሁድ ስብከቱ ረዘም ሲልም ያየዋል። አንድ ቀን አልጋነሽ ጎኑን ነካ አደረገችው።

«ሰውዬውን ለምን እቤት አታመጣውም? ትራስ ላዘጋጅለት።»

«እየመረጥኩ ነው፣ አልጌ።»

«ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ሰው ነው የምታየው፤ ከማን ከማን ነው የምትመርጠው? አልሙኒየም የሚበይድ ዲላ ውስጥ የለም። ነስሩ ጋ ሂድ፣ ንገረው፣ ይሥራልህ፤ አለቀ!»

ሄደ። ነስሩ በያጅ ነው፤ የዲላ በርና መስኮት ግማሹ ከእጁ የወጣ፣ ልቡ የዋህ፣ ሥራው ጥብቅ። ባልቻ ሲደርስ የአንድ ሀብታም በር ላይ የወይን ዘለላ እየበየደ አገኘው።

«ነስሩ፣ ተሳቢ እንድትሠራልኝ ነው። ለሦስቱ ሞተሮች።»

«ምን ዓይነት ይሁን?»

«ቀላል።»

ነስሩ ጥቁር መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። «ቀላል?»

«በጣም ቀላል። ሦስቱን ይቻልልኝ እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግም። ብቻ ቀላል ይሁን፣ በናትህ።»

ነስሩ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ብዙ ዘመን በያጅነቱ ደንበኛ ሁሉ «አበባ ጨምርበት፣ አንበሳ ጨምርበት፣ የአንበሳው ጺም አነሰ» ሲለው ነው የኖረው። ለእሱ ድካም አስቦ «ቀላል ይሁን» ያለው ሰው አልነበረም።

«አላህ ይስጥህ፣ ባልቻ! አንተ ሰው ነህ። ቀላል ካልክማ ሐሙስ ያልቃል።»

ባልቻ በሕይወቱ እንዲህ ፈጥኖ ወስኖ ስለማያውቅ ወደ ቤቱ ሲመለስ እግሩ መሬት አይነካም ነበር። አልጋነሽ ግን በነጋታው ጀመረች።

«ሄደህ እየው እንጂ።»

«አልሄድም። ካየሁት ልለውጠው እላለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ።»

እውነቱን ነው። በዚህ መሃል የእህቱ ልጅ ትጊ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ፣ በነስሩ ብየዳ ቤት በኩል ስታልፍ አይታው ደወለችለት።

«አጎቴ! ተሳቢህን አየሁት፤ ቀላል ተሳቢ ነው እንዴ!»

«ቀላል ነው?» አለ ባልቻ ከመቀመጫው ተነስቶ።

«ቀላ...ል!» አለች፣ ቃሏን እንደ ማስቲካ እየሳበች።

ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ «ቀላል» ማለት «የትየለሌ» ማለት እንደሆነ ባልቻ ከየት ይወቅ? ወዲያው ለወንድይፍራው ደወለ። «ቅዳሜ ጠዋት እዚያው ነኝ፤ ፈይሰልን ፈረሶቹን ይፍታ በለው!»

ዓርብ ከሰዓት ሱዙኪዋን አጥቦ፣ አልጋነሽን ጎኑ አስቀምጦ ተሳቢውን ሊያመጣ ሄደ። ብየዳ ቤቱ በር ላይ አንድ ነገር ቆሟል። ባልቻ በመጀመሪያ መንገዶች ባለሥልጣን የጣለው ድልድይ መሰለው። የጎኑ ብረት የሰው ጭን ያክላል። ወለሉ ታንክ ቢወጣበት ታንኩ ነው የሚያዝነው።

«ተሳቢዬ የታለ?» አለ ባልቻ።

ነስሩ እንደ አራስ አባት ፈገግ ብሎ ድልድዩን መታ መታ አደረገው። «ይኸውልህ!»

«ነስሩ... ቀላል ነበር እኮ ያልኩህ።»

«ቀላል ነው! እንዲህ ያለ ቀላል ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ስስ ብረት ስትበይደው ይበሳል፤ የበሳኸውን ስትደፍን ትውላለህ። ወፍራም ብረት ግን አይበሳ፣ አይጣመም፤ ጭስስ አድርጎ ማለፍ ነው። ጌጥ የለው፣ ባሌስትራ የለው። ቀላል!»

«እኔ ክብደቱን ነው፣ ነስሩ! ክብደቱን!»

ነስሩ ተሳቢውን አየ፤ ሱዙኪዋን አየ፤ አልጋነሽን አየ። አልጋነሽ ሰማዩን አየች።

«ታዲያ ክብደቱ አትልም ነበር?»

«አሁን ማስተካከል አይቻልም?»

«ይቻላል» አለ ነስሩ በሐዘን። «ግን ከባድ ነው።»

ነገ ቅዳሜ ነው። ሌላ ተሳቢ የለም፤ አይሱዙ የለም። ባልቻ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመርጠው ነገር አልነበረውም። «ጋንቾው ላይ እሰረው፤ ባዶውን እንሞክረው» አለ።

የተሳቢውን አፍ አንስቶ ከሱዙኪዋ ኋላ ለመግጠም የብየዳ ቤቱ ሠራተኛ በሙሉ፣ የጎረቤት አናጺና ሁለት መንገደኛ ወንጌላውያን አስፈለጉ። ሲለቁት የሱዙኪዋ አፍንጫ ወደ ላይ ተነሳ፤ ባልቻ በፊት መስታወቱ የሚያየው መንገድ መሆኑ ቀርቶ ደመና ሆነ። ማርሽ አስገባ። ሱዙኪዋ እንደ ጥጃ ጮኸች፤ ግን ተንቀሳቀሰች። ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

«ሄደች! ሄደች!» አለ ነስሩ ከኋላ እየሮጠ።

እስከ ዳገቱ ሄደች። እዚያ ላይ ፍሪሲዮኑ ሸተተ። ሽታው ወናጎ ድረስ ደርሷል፤ ይሄን በሰማሁት ልክ ነው የምጽፈው። ከዚያ ሱዙኪዋ ቆመች፤ ለአፍታ አሰበች። ተሳቢው ቀድሞ ወሰነ። ቀስ ብሎ፣ እንደ ሽማግሌ እየተጎማለለ፣ ሱዙኪዋን ከነባልቻ፣ ከነአልጋነሽ ወደ ኋላ ይጎትታቸው ጀመር። ባልቻ ፍሬን ረገጠ፤ ተሳቢው ፍሬን የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም። ሰዎች ድንጋይ ይዘው ሮጡ፤ ተሳቢው ድንጋዮቹን ፈጫቸው። በመጨረሻ ሀኒ ካፌ በር ላይ አንድ ጎማው ቦይ ውስጥ ገባና ቆመ።

አልጋነሽ በሩን ከፍታ ወረደች። ነጠላዋን አስተካከለች። «መጎተቱንስ ጎተተ» አለች።

ባልቻ መሪውን እንደያዘ ቀረ። ስልኩ ጮኸ።

«የት ደረስክ?» አለ ወንድይፍራው። «ለነገ ተነስተሃል?»

ባልቻ ዙሪያውን አየ። ከካፌው የወጣው ሕዝብ ተሳቢውን ከቦ ምክር እየሰጠ ነው። የአልሙኒየሙ ሰውዬ፣ «ነግሬው ነበር» ይላል።

«ሀኒ ካፌ ደርሻለሁ» አለ ባልቻ።

«ገና ዲላ ነህ?»

«ወደ ኋላ ስለመጣሁ ነው።»

ሌሊቱን አልተኛም፤ ጠዋትም ያገኘው ነገር የለም። የለመነው አይሱዙ ሁሉ ቡና ተሸክሞ አለፈው። ተሳቢውን ከቦዩ ለማውጣት የመጣው ትራክተር ገመድ በጠሰና ይቅርታ ጠይቆ ሄደ።

ረፋዱ ላይ ሁለት ነጭ ላንድክሩዘሮች ከሐዋሳ በኩል መጥተው ሀኒ ካፌ በር ላይ ቆሙ። እንግዶቹ ናቸው፤ ማኪያቶ ለመጠጣት። ወንበሮቹ ሞልተው ስለነበር ተሳቢው ላይ ወጥተው ተደርድረው ተቀመጡ። ስድስት ነበሩ፤ ተሳቢው ንቅንቅ አላለም። አንዱ ረጅም ሰውዬ ብረቱን አንኳኩቶ አንድ ነገር ተናገረ፤ ሁሉም ሳቁ።

«ምን አለ?» ብሎ ጠየቀ ባልቻ አስተርጓሚውን።

«"እንዴት ያለ ጠንካራ አግዳሚ ነው!" እያለ ነው። ማነው የሠራው?»

ባልቻ «የኔ ነው» ሊል አፉን ከፈተ። «ሞተሮቼ ከዚህ ብዙም አይርቁም፤ የምትፈልጉት ሰው እኔ ነኝ» ሊል ነበር። ግን ከዚያ በኋላ ምን ይላል? አፉን ዘጋው። አስተርጓሚው ግን ሌላ ጥያቄ ነበረው።

«ወደ ባንኮ ጎቲቲ መንገዱ ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው» አለ ባልቻ፣ በእጁ ዳገቱን እያሳየ። «ይርጋጨፌን አልፋችሁ ወደ ገደብ ነው። ቀጥ ብላችሁ ውጡ። ቀላል ነው።»

መኪኖቹ ዳገቱን አንድ ጊዜ እንኳን ማርሽ ሳይቀይሩ ወጡት። ማምሻውን ወንድይፍራው ፎቶ ላከ፤ ረጅሙ ሰውዬ በፈይሰል ፈረስ ላይ ተቀምጦ፣ ጥርሱ ሁሉ እየታየ። ከሥሩ «ፈረሶቹን ወደዷቸው፤ ለወቅቱ ጨርሰናል» የሚል ጽሑፍ አለ።

ሰኞ ዕለት ነስሩ ካፌው ድረስ መጣ። ሦስት ሌሊት አልተኛም፤ ፊቱ ራሱ የተበየደ ይመስላል።

«ባልቻ፣ ሐቅህን ይዤ አልተኛም። ሌላ እሠራልሃለሁ፤ የድካሜን አልጠይቅህም። ምን ዓይነት ይሁን? አሁን በደንብ ንገረኝ።»

ባልቻ ተሳቢው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ረጅም ጊዜ አሰበ። «ቀላል» የምትለውን ቃል አነሳና መልሶ አስቀመጣት። ከዚያ እያንዳንዱን ፊደል እየመዘነ ተናገረ።

«እንዳይከብድ ነው የምፈልገው፣ ነስሩ። እንዳይከብድ። ገባህ?»

ነስሩ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፤ ዓይኑ እንደገና እንባ አቀረረ።

«ኧረ ምንም አይከብደኝም፣ ወንድሜ! ላንተ ብዬ!»

ሀኒ ከውስጥ ብቅ ብላ፣ «ጋሽ ባልቻ፣ ሻይ ይሁን ማኪያቶ?» ብላ ጠየቀችው።

«የፈለግሽውን» አለ።