ለባሌ የተለቀሰበት ሰርግ
ባሌ ከአርበኞች ጋር ዘምቶ ወደቀ። ጣሊያን የአርበኛ ቤት ያቃጥል ነበርና ለልጆቼ ፈርቼ ለቅሶ አልተቀመጥሁም።

በኋላ ደምበጫ በጎረቤት ሰርግ፣ የወደቀ ጀግና ሳያነሣ የማይዘፍን አዝማሪ መጣ። ለጣሊያን ያደረ ባንዳም እዚያው ተቀምጧል። አዝማሪውን ጓዳ አስጠራሁት።

«አደራህን ወንድሜ፣ የባሌን ስም ጠርተህ ልጆቼን እንዳታስፈጅብኝ።»

«አይዞሽ እቴ። ሲያርስ በሬውን ምን ይለው ነበር?»

«ቀንደ ሰባራውን ‹ና የኔ ሙሽራ› ይለው ነበር።»

ወጥቶ በመሰንቆው «ና የኔ ሙሽራ» እያለ ስለዚያ በሬና ማሳ ላይ ስለቀረው አራሽ ዘፈነ። አብረውት ያረሱት ጎረቤቶች ገባቸውና በጋቢያቸው ዐይናቸውን ጠረጉ። ባንዳው የሰርግ ጨዋታ መስሎት፣ «ይደገም!» እያለ ሳቀ።

ተደገመ። እኔም ከጠላው ጋን ጥግ ተቀምጬ እንደ ልቤ አለቀስሁ። ልጆቼ በደኅና አደጉልኝ፤ ያንን አዝማሪ ግን እስከ ዛሬ ሳልመርቅ አልተኛም።