ራሴን የጣልሁበት ቅጽ

ፊደል የቆጠርሁት ከትዳር በኋላ ነው፤ ስለዚህ በትምህርት ነገር ቀልድ አላውቅም። ያመጣብኝን ሁሉ ያመጣብኝ ይኸው ጠባዬ ነው።

በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት በኮንትራት ሠርቻለሁ። ገቢና ወጪ ደብዳቤ እመዘግባለሁ፤ ጠፋ የተባለ ፋይል ፈልጌ አወጣለሁ። ኮንትራት ጡረታ የለውም፤ ዕድሜዬ ደግሞ ወደ ሃምሳው ተጠግቷል። ኃላፊያችን፣ «ቋሚ ለመሆን የደረጃ ሦስት ምስክር ወረቀት አምጪ» አሉኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜና እሑድ ከሰፈሬ ከሹም አቦ እየተነሣሁ ቴክኒክ ኮሌጅ ተመላለስሁ። የተማርሁት ገቢና ወጪ ደብዳቤ አመዘጋገብ ነው። አሠልጣኙ ልጅ እግር ነበር፤ ሰሌዳው ላይ ጽፎ ዘወር ሲል መጀመሪያ የሚያየው እኔን ነው። ራሴን ከነቀነቅሁ ይቀጥላል፤ ዝም ካልሁ ያጠፋዋል።

በመጨረሻ የቀረኝ የሁለት ወር የሥራ ላይ ልምምድ ብቻ ነበር። ለመሥሪያ ቤታችን አንድ ቋሚ መደብ ተፈቅዷል፤ የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ መደቡም ይዘጋል። ኮሌጁ «ሠልጣኟን ተቀብላችሁ አለማምዱልን» ብሎ ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው እኔ ዘንድ ገባ፤ መዝግቤ ለኃላፊው አቀረብሁት። እሳቸውም ሳያነቡት ጥጉ ላይ «ለመዝገብ ቤት፣ ይፈጸም» ብለው መሩት። መዝገብ ቤት ማለት እኔ ነኝ።

ሁለት ወር ራሴን አለማመድሁ። ከዚያ የግምገማውን ቅጽ ለመሙላት ተቀመጥሁ። ቅጹ ለሁሉም ሙያ አንድ ነው፤ ለግንበኛውም፣ ለበያጁም፣ ለእኔም። በሰዓቷ ትገኛለች? ሙሉ ሰጠሁ። ሥራዋን በጥራት ትሠራለች? ሙሉ። «አለማማጇን ጥያቄ ትጠይቃለች?» የሚለው ላይ ብዙ ቆየሁ። አንድም ቀን አልጠየቅሁም፤ ዜሮ። «ሄልሜት በአግባቡ ታደርጋለች?» ሄልሜት በእጄም ነክቼ አላውቅም፤ ዜሮ። ስደምረው ከማለፊያው በሁለት ነጥብ አነሰ። ፈረምሁ፣ ማኅተም አስመታሁ፣ ወጪ ቁጥር ሰጥቼ ላክሁት።

በማግሥቱ የኮሌጁ አስተባባሪ ደወለ።

«እትዬ፣ ምን ነካዎት? ራስዎን ጣሉ እኮ።»

«ያየሁትን ነው የሞላሁት።»

«መደቡ ያመልጥዎታል። ቁጥሩን አስተካክለው መልሰው ይላኩት።»

«ወጪ በሆነ ሰነድ ላይ ስርዝ ድልዝ አይደረግም። እናንተው ናችሁ ያስተማራችሁኝ።»

«እንግዲያ በአለማማጅዎ ላይ አቤቱታ ያስገቡ።»

አስገባሁ። የደረሰብኝን በደል በዝርዝር ጻፍሁ። ኮሌጁም «መልስ ይሰጥበት» ብሎ ለአለማማጇ ላከ፤ ውጤቱ ተገቢ ነው ብዬ መለስሁ። ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቀመጠ። ሰብሳቢዋ ሁለቱንም ወረቀት አንብባ፣ «ሁለቱም ወገን ቀርቧል?» አለች።

«ቀርበናል» አልሁ።

ተመካክረው ወሰኑ፦ አለማማጇ ራሷ ምስክር ወረቀት ስለሌላት ልትገመግም አትችልም፤ ግምገማው ተሰርዟል፤ ሠልጣኟ ወረቀት ባለው ሰው ሥር ሁለት ሳምንት ትለማመድ።

ወረቀት ያለው ሰው የተገኘው የከተማችን ሐይቅ ዳር፣ ከአንድ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ነው። ጸሐፊው ሽማግሌ ሐጂ ናቸው። ምስክር ወረቀታቸው በመስታወት ተደርጎ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ የማኅበሩ ደብዳቤ ሁሉ ግን ከተቀደደ መረብ ጋር ተደባልቆ የዓሣ ሣጥን ውስጥ ነው ያለው።

«ሐጂ፣ ይህ ወረቀት ምን ጠቀመዎት?» አልኋቸው።

«ሚስት አገባሁበት። አማቴ፣ ጀልባ ያለውማ ሞልቷል፣ የተማረ አምጡ አለ። አንቺስ?»

«ጡረታ ፈልጌ ነው።»

«ሁለት ዓመት ለጡረታ» አሉና አሰቡ። «እኔ ከሚስቴ ጋር ሠላሳ ዓመት ሆነኝ። ያንቺው ሳይረክስ አይቀርም።»

ደብዳቤውን ከመረቡ ለየሁ፤ በየዓመቱ አሰርሁ፤ የተጣበቀበትን የዓሣ ቅርፊት እየፋቅሁ መዘገብሁ። በመጨረሻው ቀን ሐጂ ቅጹን አሳዩኝ። ሁሉም ላይ ሙሉ ሰጥተውኛል።

«ሄልሜት አላደረግሁም እኮ» አልሁ።

«ማን ያይሻል?»

«እኔ።»

ሐጂ ተነሥተው ወጡ፤ ከጎረቤት የሕንፃ ሥራ ቢጫ ሄልሜት ተውሰው መጡ። «ያዥ፤ እስክፈርም እንዳታወልቂው» አሉኝ። ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሄልሜት አጥልቄ ደብዳቤ መዘገብሁ። ቆሮሶ ዓሣ ይዘው የሚመጡት አስጋሪዎች በሩ ላይ ሲደርሱ፣ እኔን አይተው ጣሪያውን ቀና ብለው እያዩ ቆሙ።

«ሐጂ፣ ቤቱ ሊወድቅ ነው እንዴ?» አለ አንዱ።

«ግባ ዝም ብለህ። ፈተና ላይ ናት» አሉት። ቅጹንም ፈረሙ።

የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው ቋሚ ሆንሁ። ወንበሩ ያው ነው፤ ሥራውም ያው። የኮንትራቱ አሥራ አንድ ዓመት ግን ለጡረታ አይታሰብም ተባልሁ። ወረቀት አውጥቼ ለኃላፊዬ አስላሁላቸው፦ ለጡረታ አበል አሥር ዓመት ማገልገል ግድ ነው፤ ስልሳ እስኪሞላኝ የቀረኝ አሥራ አንድ ነው።

«ይህን ሁሉ ደክመሽ የምትተርፍሽ አንድ ዓመት ናት?» አሉኝ።

«አዎ» አልሁ፤ «ብታመምም እንኳ አንድ ዓመት መታመሚያ አለኝ ማለት ነው።» ከዚያ የቅጥር ደብዳቤዬን ገቢ አድርጌ፣ በስሜ ማኅደር ከፈትሁለት።